ከአስፋልቱ ጀርባ ያለው መሬት

ወልድያ የሦስት መንገድ መገናኛ ናት። ከደቡብ የደሴው፣ ከሰሜን በቆቦ በኩል የመቀሌው፣ ከምዕራብ ደግሞ የድልብን ዳገት ወጥቶ በጋሸና አድርጎ እስከ ወረታ የሚዘልቀው መንገድ እዚህ ይገጥማሉ። ከራያ ማሽላ የጫነ መኪና፣ ላሊበላ ለመሳለም የሚጓዝ ምዕመን፣ ከሐብሩ ሽንኩርትና ቲማቲም ይዞ የመጣ ገበሬ ሁሉም በዚህች ከተማ ያልፋል። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ነዋሪዋ 46,139 ነበር። ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶባታል፣ ስታዲየም ተሠርቶባታል፣ ጦርነት አልፎባታል፣ ከየአቅጣጫው የተፈናቀለ ሰው ተጠግቶባታል። ቤት ፈላጊው ከዓመት ዓመት ሲጨምር፣ ተራራ የከበባት ከተማ ግን ወደ ጎን የምትዘረጋበት ሜዳ እምብዛም የላትም።

እስከ ዛሬ ለዚህ የተሰጠው መልስ በአብዛኛው አንድ ነው፤ በከተማው ዳር ያለውን እርሻ ወስዶ፣ በካሬ ሜትር ሸንሽኖ፣ ለቤት ማኅበራትና ለሊዝ ተጫራቾች ማስተላለፍ። ጎረቤቷ የመርሳ ከተማም የያዘችው ይህንኑ መንገድ ነው። በሌላ በኩል በሁለቱም ከተሞች እምብርት ላይ፣ ከዋናው መንገድ ጥቂት ገባ ብሎ፣ ያዘመመ የቀበሌ ቤት፣ በቆርቆሮ የታጠረ ባዶ ቦታ፣ ሣር የበቀለበት የመሥሪያ ቤት ግቢ ይታያል። የኮሪደር ልማት ከአዲስ አበባ ወደ ክልል ከተሞች በወረደበት በዚህ ወቅት ሁለቱ ከተሞች ያሉበት ሰሜን ወሎ ሁለት ጥያቄ ሊመልስ ይገባል። በከተማው ውስጥ ያለው መሬት ሳይሠራበት ሌላ ማሳ ለምን ይወሰዳል? መልሶ ማልማቱስ በማን እጅ ይካሄድ? የእኔ አቋም ግልጽ ነው። በቅድሚያ መልማት ያለበት የውስጡ መሬት ነው፤ አልሚውም ከሁሉ በፊት እዚያው የሚኖረውና የሚነግደው ሰው መሆን አለበት።

ባለ አንድ ረድፍ ከተማ

በወልድያ የመሬትን ዋጋ የሚቆርጠው አስፋልቱ ነው። በአዳጎም ሆነ በጎንደር በር በኩል ከመንገዱ ጋር ፊት ለፊት የሚተያየው ረድፍ ሱቅ፣ ሆቴል፣ ባንክና መድኃኒት ቤት ነው። ከረድፉ ጀርባ ሲገባ ግን መንገዱ ወዲያው ይጠብባል፣ ኮረኮንች ይሆናል፣ አንዳንዱም ባጃጅ አያሳልፍም። ግቢዎቹ እየሰፉ፣ ቤቶቹ እያረጁ ይሄዳሉ። መርሳ ላይ ነገሩ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። ከወልድያ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ይህች የሐብሩ ወረዳ መቀመጫ በደሴ መንገድ ግራና ቀኝ የተሰለፈች ከተማ ናት፤ ንግዷም ኑሮዋም አስፋልቱ ላይ ተንጠልጥሏል።

ይህ አቀማመጥ ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ ነጋዴ ሁሉ ያንኑ አንድ ረድፍ ስለሚሻማ የሱቅ ኪራይ ጣራ ይነካል፤ አቅም ያነሰው ደግሞ ጉልቱን ይዞ ወደ መንገዱ ጠርዝ ይወጣል። ከባድ መኪና፣ ባጃጅ፣ ጋሪ፣ ተማሪና ቲማቲም ሻጭ በአንድ አስፋልት ላይ ይጋፋሉ። ሁለተኛ፣ የጀርባው መሬት ዋጋ ያጣል። ባለይዞታው ግቢውን የማያለማው ስለሰነፈ አይደለም። ሲሚንቶና ብረት የጫነ መኪና ደጁ አይደርስም፤ እንደ ምንም ቢሠራ እንኳ ደንበኛ እዚያ ድረስ አይገባለትም።

ስለዚህ የመልሶ ማልማት የመጀመሪያው ሥራ ፎቅ ማቆም ሳይሆን መንገድ መቅደድ ነው። ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ የሚገቡ፣ ቦይ የተሠራላቸው፣ መብራትና ውኃ የተዘረጋባቸው ጥቂት ማቋረጫዎች ሲከፈቱ ትናንት ጀርባ የነበረው ግቢ ፊት ይሆናል። የአገራችን የከተማ ፕላን አሠራር ከከተማው መሬት 30 በመቶው ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ክፍት ቦታ፣ 40 በመቶው ለግንባታ እንዲውል ይመክራል። ይህ ድርሻ እስካሁን በቁም ነገር የሚሠራበት አዲስ በሚሸነሸነው ዳርቻ ላይ ነው። ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ግን በነባሩ ሰፈር ውስጥ ነው።

ባለቤት ያለው፣ አቅም ያጣ

ስለ መልሶ ማልማት ሲነገር «ጥቅም ላይ ያልዋለ መሬት» የሚለው አነጋገር ይዘወተራል። አንድም ሰው የሌለበት ይመስላል። በወልድያና በመርሳ ያለው እውነት ሌላ ነው። መሬቱ ባለቤት አለው፤ የባለቤቱ እጅ ግን በአንድ በኩል ታስሯል። እስሩም ዓይነቱ ይለያያል።

የመጀመሪያው የቀበሌ ቤት ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ አነስተኛ ኪራይ ያላቸው ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ከዚያ ወዲህ ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ። ተከራዩ ቤቱን መሸጥም፣ በባንክ ማስያዝም፣ ማስፋትም አይችልም፤ ቀበሌውም ከሚሰበስበው የኪራይ ሳንቲም ማደሻ አያወጣም። በጭቃና በእንጨት የተሠራው ቤት በከተማው ውድ ቦታ ላይ እንዳለ ያልቃል።

ሁለተኛው ነባር ይዞታ ነው። ሰፊ ግቢ፣ ያልተከፋፈለ ውርስ፣ አንዱ ወልድያ፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ዐረብ አገር ያለ ወራሽ። ሁሉም ካልፈረመ ካርታ አይወጣም፤ ካርታ ከሌለ ብድር የለም።

ሦስተኛው የታጠረው የሊዝ ቦታ ነው። የሊዝ አዋጁ ቁጥር 721/2004 ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ከተሞች ለንግድ የሚውል መሬትን እስከ 70 ዓመት፣ ለመኖሪያ የሚውለውን እስከ 99 ዓመት ይሰጣል፤ በምላሹም ግንባታው በጊዜው እንዲጠናቀቅ ያስገድዳል፤ ያልገነባ ውሉ እንዲቋረጥ ያዛል። አፈጻጸሙ ሲላላ ግን ቦታን አጥሮ ዋጋው እስኪወደድ መጠበቅ ከመገንባት የተሻለ ንግድ ይሆናል።

አራተኛው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ግቢ፣ የቆየ መጋዘንና የተሽከርካሪ ማቆሚያ ነው። ከሁሉም ቀላሉ ይሄኛው ነው፤ ሰው ሳይነሣ ሊሠራበት ይችላልና። ነገር ግን መሥሪያ ቤት ይዞታውን ሲለቅ ስለማይወድ መጨረሻ የሚነካው እሱ ነው።

እነዚህ አራቱ የየራሳቸው መድኃኒት ያስፈልጋቸዋል። የታጠረውን በሕግ ማስገደድ፣ ወራሾችን ማስታረቅ፣ የቀበሌ ቤት ተከራይን መብት ሰጥቶ ማቋቋም፣ መሥሪያ ቤትን ማሸጋሸግ። ሁሉንም በአንድ ዶዘር መጥረግ ሥራውን ያፋጠነ ይመስላል እንጂ ችግሩን ወደ ሌላ ሰፈር ያዞረዋል።

አንድ ግቢ ውስጥ ያለው ኢኮኖሚ

የፕላን ባለሙያዎች ቅይጥ አገልግሎት የሚሉት መኖሪያ፣ ንግድና አገልግሎት በአንድ ቦታ ተዋሕደው የሚሠሩበት አሰፋፈር ነው። የወሎ ከተሞች ይህን ከማንም አልተማሩትም፤ ሲኖሩበት ኖረዋል።

ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ያለ አንድ የተለመደ ግቢ እንመልከት። ደጁ ላይ ሁለት በር አለ። በአንዱ ባለቤቲቱ በርበሬ፣ ቡናና ሳሙና ትቸረችራለች፤ ሌላውን ልብስ ሰፊ ተከራይቶታል። ወደ ውስጥ ሲዘለቅ ዋናው ቤት፣ ከአጠገቡ ማድ ቤት፣ ማድ ቤቱ ውስጥ ለሆቴሎች እንጀራ የሚጋገርባቸው ሁለት ምጣድ። በጓሮ በኩል የተደረደሩት ሰርቪስ ክፍሎች ለመምህር፣ ለሆስፒታል ነርስ፣ ከቀየዋ ተፈናቅላ ለመጣች እናት ተከራይተዋል። የቅሬው፣ ማለትም የሰፈሩ እድር፣ ድንኳንና ብረት ድስትም እዚሁ ግቢ ይቀመጣል፤ ሐዘን ሲደርስ እስላሙም ክርስቲያኑም ከዚሁ ያወጣል። በወረቀት ላይ ግቢው «ያረጀ የጭቃ ቤት» ተብሎ ይመዘገባል። በእውነቱ ግን ሦስት አራት ቤተሰብ እንጀራ የሚበላበት ነው።

ይህች ባለቤት በከተማው ዳር ምትክ ቦታ ቢሰጣት ለቤቷ ካሳ ታገኛለች። የማስለቀቂያና ካሳ አዋጁ ቁጥር 1161/2011 ለተቋረጠ ማኅበራዊ ትስስር ጭምር ካሳ እንዲከፈል ደንግጓል፤ ይህም ትልቅ እርምጃ ነው። ደንበኛን ግን በካሳ መልሶ መግዛት አይቻልም። ኪራዩ፣ የእንጀራው ውል፣ ሱቋና ቅሬዋ ሁሉም ከቦታው ጋር የተያያዙ ናቸው። መልሶ ማልማት የሚመዘነው ባቆመው መስተዋት ሕንጻ ሳይሆን ትናንት በዚያ መንገድ ላይ ይነግድ የነበረ ሰው ነገም እዚያው መነገድ በመቻሉ ነው።

ከአዲስ አበባና ከሌላው ዓለም የምንማረው

ልደታ በአዲስ አበባ ለትልልቆቹ መልሶ ማልማቶች በር ከፋች ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ 26 ሄክታር ገደማ የሚሆን ነባር ሰፈር ፈርሶ ምድር ቤቱ ሱቅ፣ ላዩ መኖሪያ የሆነ ኮንዶሚኒየም ተሠራበት። መሬቱ በእርግጥም ከቀድሞው ብዙ እጥፍ ሠራ። ይሁን እንጂ ከነባሩ ነዋሪ ብዙው ቅድመ ክፍያውን መክፈል ስላልቻለ ወይም ስላልደረሰው ወደ ከተማዋ ዳር ወጣ፤ የዕለት ገቢው ከመሀል ከተማ ጋር የተሳሰረ ሰውም ለትራንስፖርት የሚያወጣው ከሚያገኘው ጋር ተፎካከረ።

በኅዳር 2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የለገሃር ዕቅድ ደግሞ በቀድሞው ባቡር ጣቢያ 36 ሄክታር ላይ መኖሪያ፣ ንግድ፣ ሆቴልና መናፈሻ አንድ ላይ ለመገንባት የታሰበ፣ 50 ቢሊዮን ብር የሚፈጅ መሆኑ የተነገረለት ነበር። አልሚው ኢግል ሂልስ የተባለ የአቡ ዳቢ ኩባንያ ነው። ነዋሪው እዚያው ቤት እንደሚሠራለት የተገባው ቃል በሐሳብ ደረጃ ትክክለኛ ነበር። ለመካከለኛ ከተማ ግን አንድ ግዙፍ አልሚ መጠበቅ አያዋጣም። ባለሀብቱ ቢዘገይ፣ ምንዛሪው ቢናጋ፣ ጸጥታው ቢደፈርስ ሰፈሩ በሙሉ አብሮ ይቆማል።

ጦርነት ያለፈበት ከተማ ሌላም የሚያየው አለ። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ የቤይሩትን መሀል ከተማ እንዲገነባ እ.ኤ.አ. በ1994 የተቋቋመው ሶሊደር የተባለ ኩባንያ ለባለንብረቶቹ በመሬታቸው ፋንታ አክሲዮን ሰጣቸው። ሕንጻዎቹ አምረው ተነሡ፤ ነባሩ ነጋዴና ገበያተኛ ግን በአብዛኛው አልተመለሰም። ጃፓን በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1923 ቶኪዮን ካወደመው የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላም፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም የተከተለችው ጎረቤታሞች መሬታቸውን አንድ ላይ የሚያደርጉበትን ዘዴ ነው። እያንዳንዱ ባለይዞታ ከመሬቱ ጥቂቱን ለመንገድና ለመናፈሻ ይሰጣል፤ ቀሪውን ቅርጹ ተስተካክሎ፣ መንገድ ደርሶለት መልሶ ይረከባል። መሬቱ ያንሳል፣ ዋጋው ይጨምራል፤ ሰውየውም ከሰፈሩ አይወጣም።

ለዚህ ዘዴ ሕጋዊ መነሻ በእጃችን አለ። አዋጅ 1161/2011 መልሶ በሚለማ አካባቢ ያሉ ባለይዞታዎች በግልም ሆነ በጋራ በፕላኑ መሠረት የማልማት ቅድሚያ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ችግሩ መብቱ ለድሃ ባለይዞታ ሲደርስ ባዶ መሆኑ ነው። አጭር ቀነ ገደብ፣ የፎቅ ግዴታና የባንክ ሒሳብ ማስረጃ ሲጠየቅ «አቅም የለውም» ተብሎ ያልፈዋል።

ሒሳቡ ሲሠራ

በጋራ ማልማት ምን ያህል እንደሚያስገኝ በቀላል ምሳሌ ማየት ይቻላል። እያንዳንዳቸው 200 ካሬ ሜትር ያላቸው 20 ጎረቤታሞች ቢዋሐዱ 4,000 ካሬ ሜትር ይሆናል። 30 በመቶው፣ ማለትም 1,200 ካሬ ሜትሩ፣ ለመንገድና ለክፍት ቦታ ቢለቀቅ 2,800 ይቀራል። ከዚህ በግማሹ ላይ ብቻ ምድር ቤትና ሦስት ፎቅ ቢገነባ ጠቅላላው የወለል ስፋት 5,600 ካሬ ሜትር ነው። ለደረጃ፣ ለኮሪደርና ለግድግዳ ሩቡ ሲቀነስ 4,200 ይተርፋል። ምድር ቤቱ 20 ካሬ ሜትር የሚሆኑ 50 ያህል ሱቆችና ወርክሾፖች ይወጡታል፤ ከላይ ባሉት ወለሎች 60 ካሬ ሜትር የሚሆኑ 52 መኖሪያዎች ይሠራሉ። ሃያዎቹ ባለይዞታዎች የየራሳቸውን ይዘው 32 መኖሪያ ለሽያጭ ወይም ለኪራይ ይተርፋል፤ የግንባታው ወጪ የሚሸፈነውም ከዚህና ከሱቆቹ ነው። ግማሹ ግቢ አሁንም ክፍት ስለሆነ ለማድ ቤት፣ ለልብስ ማስጫ፣ ለልጆች መጫወቻና ለቅሬው ድንኳን ቦታ አይጠፋም።

እነዚያን 32 ቤተሰቦች በዳርቻ እያንዳንዳቸውን 200 ካሬ ሜትር ሰጥቶ ለማስፈር መንገዱን ጨምሮ ወደ አንድ ሄክታር የሚጠጋ ማሳ ያስፈልጋል። ከአስፋልቱ ጀርባ ካሉት ሰፈሮች እንዲህ ያሉ አሥር ስብስቦች ቢለሙ ወደ አሥር ሄክታር የሚጠጋ እርሻ ከመሸንሸን ይድናል ማለት ነው።

መርሳ፦ ማሳው ሳያልቅ

ይህ ቁጥር ትርጉሙ ከሁሉ በላይ የሚገዝፈው በሐብሩ ነው። በ1999ኙ ቆጠራ ከ192 ሺህ በላይ ሕዝብ የነበረው ይህ ወረዳ ከግራና ሸለቆ እስከ መርሳ ዙሪያ በመስኖ የሚለማ መሬት አለው። ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙ፣ ፓፓያውና ብርቱካኑ ከዚህ ወደ ወልድያና ወደ ደሴ ይሄዳል። የቆቦ ግራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ለዓመታት የለፋው ውኃን ከመሬት ጋር ለማገናኘት ነበር። ዝናብ አጠር ለሆነው ምሥራቅ አማራ ዝርያ የሚያወጣው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም የሚገኘው በዚሁ ወረዳ ነው፤ ግራና-1 የተባለው የማሽላ ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚህ ሸለቆ ነው። በረሃብ ስሟ ደጋግሞ ለተነሣ ወሎ ውኃ የገባው አንድ ሄክታር ከቁጥር በላይ ነው። ቤት በየትም ሊሠራ ይችላል፤ መስኖ የገባው ደለል ግን አንዴ ኮንክሪት ከለበሰ አይመለስም።

መርሳ የምትሻው ልማት ከዚሁ ከማሳው ጋር የተዛመደ ነው። ከአስፋልቱ ጀርባ ባሉት ሰፋፊ ግቢዎች ላይ ምድር ቤቱ የአትክልት ማከማቻና መሸጫ፣ ላዩ መኖሪያ የሆነ ባለ ሁለት ወይም ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ለዚህች ከተማ በቂ ነው። ሽንኩርት በርካሽ በሚሸጥበት ወቅት ነፋስ የሚያገኝ ማከማቻ ያለው ገበሬ ዋጋ እስኪሻሻል መጠበቅ ይችላል። የወልድያ ዩኒቨርሲቲ መርሳ ካምፓስ መምህራንና ሠራተኞችም በአቅራቢያው የሚከራዩት ቤት ይፈልጋሉ። በጃራ መጠለያ ለቆዩ ተፈናቃዮችም ቢሆን ዘላቂው መፍትሔ ሥራ ያለበት ከተማ ውስጥ አቅማቸው የሚፈቅደው የኪራይ ቤት ማግኘት ነው እንጂ ሸራ ሥር መክረም አይደለም።

ስታዲየሙና ሐራ ገበያ

ወልድያ በቂ ያልተሠራበት ትልቅ ሀብትም አላት። ጥር 6 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የሼህ ሙሐመድ ሁሴን አል አሙዲ ስታዲየም 567 ሚሊዮን ብር የወጣበት፣ 25 ሺህ ገደማ ተመልካች የሚያስቀምጥ፣ መዋኛና የተለያዩ የስፖርት ሜዳዎች ያሉት ነው። የከተማዋ ክለብ ከፕሪሚየር ሊጉ ከወረደ ወዲህ ግን ይህን ያህል መቀመጫ የሚሞላባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው። የአዲስ አበባ ስታዲየም ዙሪያውን በሱቅ፣ በካፌና በምግብ ቤት የተከበበ ስለነበር ጨዋታ በሌለበት ቀንም ሰው አይለየውም ነበር። በወልድያም በስታዲየሙ ዙሪያና ወደዚያ በሚወስዱት መንገዶች ዳር ንግድ፣ የእንግዳ ማረፊያና መኖሪያ ቢፈቀድ ያ ሁሉ ገንዘብ የፈሰሰበት ቦታ የዕለት ሕይወት ያገኛል።

ሐራ ገበያ ደግሞ ከመታጠሩ በፊት መታሰብ ያለበት ነው። ከወልድያ በስተምሥራቅ ቆላው ላይ ያለው ይህ ስፍራ በቱርኩ ያፒ መርከዚ የተያዘው የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ ባቡርና የመቀሌው መስመር እንዲገናኙበት የታቀደ ነው። ሥራው በ2007 ዓ.ም. ቢጀመርም ጦርነቱ ክፉኛ ጎድቶታል። ባቡሩ ሲመጣ የጣቢያው ዙሪያ መሬት በአንድ ጀምበር ዋጋ ያወጣል። ያን ቀን በአካባቢው ያለው አርሶ አደር በካሳ ተሸኝቶ ደላላ እንዳይተካው የቅይጥ አገልግሎት ፕላኑ፣ የመንገዱ መስመርና የአርሶ አደሩ ድርሻ ዛሬ መጻፍ አለባቸው።

ገንዘቡና ጸጥታው

ሁለት ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። የመጀመሪያው ገንዘብ ነው። ሲሚንቶና ብረት በተወደደበት ዘመን ሃያ ድሃ ቤተሰብ ሕንጻ ሊሠራ አይችልም ይባላል። በአንድ ጊዜ ከሆነ እውነት ነው። ነገር ግን መሠረቱና ምሰሶው ሦስት ፎቅ እንዲሸከም ሆኖ ተሠርቶ ምድር ቤቱ ብቻ ቢቀድም ሱቆቹ ወዲያው ኪራይ ያስገባሉ፤ ቀጣዩ ወለል በዚያ ገቢ ይቀጥላል። ይህ እንዲሆን ማዘጋጃ ቤቱ በዋና መንገድ ዳር በአንድ ጊዜ ፎቅ ካልሠራችሁ የሚለውን ግዴታ በደረጃ መገንባት በሚል መተካት፣ የዲዛይን ሥራውን በከተማው መሐንዲሶች በነጻ ማሠራት፣ የጋራ ካርታ መስጠት ይኖርበታል። የጋራ ካርታ ካለ ደግሞ ከአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) ያደገው ጸደይ ባንክና መሰሎቹ ለማበደር መያዣ ያገኛሉ። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅም በአግባቡ ከተሠራበት አጥሮ መጠበቅን ውድ፣ መገንባትን ርካሽ ሊያደርግ ይችላል፤ አዛውንቶችንና የድሃ ነባር ይዞታዎችን ግን እንዳይጎዳ ጥንቃቄ ያሻዋል።

ሁለተኛው ጸጥታ ነው። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነት ውስጥ በሌላ ኃይል ተይዛ ቆይታለች፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም ክልሉ በግጭት ውስጥ ነው። በዚህ ሁኔታ ከሩቅ የሚመጣ ባለሀብት ገንዘቡን አያፈስም። ይህ ግን በትናንሽ ስብስቦች፣ በደረጃ፣ በነዋሪው እጅ መገንባትን ይበልጥ ተገቢ ያደርገዋል። የአገሬው ሰው የትም አይሄድም፤ አንዱ ስብስብ ቢቆም ሌላው ይቀጥላል። ሰላም ሲመጣም የሚጠብቀው የፈረሰ ሰፈር ሳይሆን የተጀመረ ሥራ ይሆናል።

የሁለቱ ከተሞች አስተዳደሮች አሁኑኑ ሊወስኗቸው የሚችሉ ነገሮች አሉ። በከተማው ውስጥ ያለውን ባዶና የታጠረ መሬት ቆጥሮ ለሕዝብ ይፋ ማድረግ፤ ይህ ሳይጠናቀቅ መስኖ የገባው ማሳ እንዳይሸነሸን መከልከል፤ የቅድሚያ መብቱን ለሚጠይቁ ጎረቤታሞች ቢያንስ ሁለት ዓመት መስጠት፤ የቀበሌ ቤት ተከራይን በስብስቡ ውስጥ ድርሻ ያለው አባል አድርጎ ማስገባት፤ በየሰፈሩ ካለው ቅሬ ጋር ቁጭ ብሎ የመጀመሪያውን አንድ ስብስብ መርጦ መጀመር። አንዱም ከአቅም በላይ አይደለም፤ ሕጉም አይከለክልም። ወልድያና መርሳ የሚያድጉበት መሬት በውስጣቸው አለ፤ የሚያለማውም ሰው እዚያው ነው። የጎደለው ለዚህ ሰው መንገድ የሚከፍትለት ውሳኔ ነው።